የኮሎኒያል ቤት፦ ከፊት ገጽታው በስተጀርባ ያለው ስሌት

ከአሜሪካ የነፃነት አዋጅ 250ኛ ዓመት (ጁላይ 4 ቀን 2026፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ቀን 2018) ጋር ተያይዞ የአገሪቱ የጥንት ቤት አሠራር እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በኦገስት 2025 የፈረሙት፣ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃዎች ሲሠሩ ለክላሲካልና ለነባር የአሠራር ስልቶች ቅድሚያ የሚሰጠው ትዕዛዝም ለክርክሩ ተጨማሪ ምክንያት ሆኗል። ትዕዛዙ የግል መኖሪያ ቤትን አይመለከትም። መኖሪያ ቤትን በተመለከተ ግን ትዕዛዝ ሳያስፈልገው አሜሪካዊው ቤት ገዥ ከመቶ ዓመት በላይ ፊቱን ወደ ኋላ እንዳዞረ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ቤት የሚፈልጉ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «ኮሎኒያል» የሚለውን ቃል በየዕለቱ ያገኙታል። የሚያመለክተው ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቅኝ ግዛት ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። በሌላ በኩል እውነተኛውን የጥንት ቤት ገዝተው ለዛሬ ኑሮ ለማስማማት የሚሞክሩ፣ ወይም በጥንቱ ንድፍ አዲስ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሁለት ወገኖች የሚጋሩት ስም አንድ ቢሆንም የሚገጥማቸው ችግር የተለያየ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ትንታኔ መሠረታዊ ነጥብ፣ ከጥንቱ ቤት ለዛሬ የሚጠቅመው ክፍል ሙቀትን፣ አቅጣጫንና የቤተሰብን ዕድገት ያገናዘበው ስሌት መሆኑ ነው፤ በተግባር ግን በብዛት የተቀዳው የፊት ገጽታው ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ቤቶች

የመጀመሪያው ዓይነት ከእንግሊዝ የመጡ ሰፋሪዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መሥራት የጀመሩት፣ በማሳቹሴትስ እስከ 1725 ገደማ የዘለቀው ነው። ከባድ የኦክ ቋሚዎችና አግዳሚዎች አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰካ በእንጨት ችንካር ይያያዛል፤ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በማገርና በጭቃ ምርጊት ወይም በጡብ ይሞላል፤ ከውጭ ደግሞ በሳንቃ ይለበጣል። በማሳቹሴትስ፣ ዴድሃም የሚገኘውና ከ1637 እስከ 1641 ባለው ጊዜ እንደተሠራ የሚታመነው የፌርባንክስ ቤት በሰሜን አሜሪካ ቆመው ከሚገኙ የእንጨት አጽም ቤቶች ሁሉ ጥንታዊው ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከ1700 ወዲህ እስከ አሜሪካ አብዮት ድረስ የተስፋፋው ጆርጂያን የሚባለው ስልት ሲሆን፣ በሩ በትክክል መካከል ላይ የሚገኝ፣ መስኮቶቹ በግራና በቀኝ እኩል የተደረደሩ፣ ከበሩ ቀጥሎ ሰፊ መተላለፊያ ያለው ነው። ሦስተኛው በ1876 በፊላደልፊያ ከተካሄደው የመቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን በኋላ እየገነነ የመጣው «ኮሎኒያል ሪቫይቫል»፣ ማለትም ያለፈውን ዘመን መልክ መልሶ ያመጣው ስልት ነው። የዛሬው የሽያጭ ማስታወቂያ የሚናገረው በአመዛኙ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ልጅ ልጆች ነው።

«የቀድሞ ሰዎች የሠሩት አይፈርስም» የሚለው አነጋገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከሠሯቸው ቤቶች አብዛኞቹ ቋሚያቸው በቀጥታ መሬት ውስጥ የተተከለ ስለነበር በምስጥና በእርጥበት ተበልተው ጠፍተዋል። ዛሬ የምናያቸው የተረፉት ናቸው፤ የተረፉትም በአመዛኙ ገንዘብ የነበራቸው ሰዎች በጥሩ መሠረት ላይ ያቆሟቸው ናቸው። ከእነርሱ ተነሥቶ ስለ ዘመኑ አሠራር በጠቅላላው መፍረድ ያሳስታል።

ምድጃው የወሰነው ቤት

ማሳቹሴትስ በምትገኝበት በሰሜን ምሥራቁ የኒው ኢንግላንድ ክልል ክረምቱ ረጅምና ብርቱ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከዛሬው የባሰ ነበር። የቤቱ ንድፍ ከዚህ ይነሣል። መካከል ላይ ግዙፍ የጡብ ወይም የድንጋይ ጭስ መውጫ ይቆማል፤ በአንድ ጎኑ «ሆል» የሚባለው፣ ምግብ የሚበስልበት፣ የሚበላበትና የእጅ ሥራ የሚሠራበት ክፍል ይገኛል፤ በሌላው ጎኑ «ፓርለር» የሚባለው፣ የተሻለው ዕቃና ብዙ ጊዜም የወላጆች አልጋ የሚቀመጥበት እልፍኝ አለ። በጭስ መውጫውና በፊት በሩ መካከል በምትቀረው ጠባብ ቦታ ላይ ጠመዝማዛ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ክፍሎች ከአንድ የሙቀት ምንጭ ይሞቃሉ፤ የጡቡ ክምችትም በአራት ግድግዳ መካከል ስለሚገኝ እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚለቀው ሙቀት እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል።

ቤተሰቡ ሲበዛ ከኋላ በኩል ዝቅ ያለ ቅጥያ ይታከላል። የጣሪያው የኋላ ክንፍ እስከ ቅጥያው ድረስ ስለሚረዝም ቤቱ ከጎን ሲታይ ከፊት ከፍ ብሎ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ቅርጽ ይይዛል፤ «ሶልትቦክስ» የሚባለው ይህ ነው። ወጥ ቤቱ ወደ ቅጥያው መካከል ይሄዳል። በቀዝቃዛው ጫፍ ላይ የእህልና የወተት ተዋጽኦ ማስቀመጫ ጓዳ፣ በሌላው ጫፍ ላይ ለወላድ፣ ለሕመምተኛና ለአረጋዊ የሚሆን፣ ከወጥ ቤቱ ምድጃ ሙቀት የሚያገኝ ትንሽ መኝታ ክፍል ይሆናል። ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አድርገው ይሠሩ ነበር፤ በዚህም የክረምቱ ፀሐይ በፊት መስኮቶች ይገባል፣ የሰሜኑ ነፋስ ደግሞ በረጅሙ የኋላ ጣሪያ ላይ ያልፋል።

«ኬፕ ኮድ» የሚባለው አነስተኛ ቤት ይህን ስሌት ይበልጥ ያጠበቀ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ከላዩ ቆጥ ያለው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በግማሽ ይጀመራል፦ በሩ ዳር ላይ ይሆንና በአንድ ጎኑ ብቻ ሁለት መስኮት ይኖረዋል። አቅም ሲገኝ ሌላው ጎን ይቀጠላል። ዛሬ ባለሙያዎች በደረጃ የሚሠራ ቤት እያሉ የሚያቀርቡት ሐሳብ ለእነዚያ ሰዎች የተለመደ ነገር ነበር።

በቨርጂኒያ ስሌቱ ይገለበጣል። እዚያ ዋናው ፈተና ሞቃትና እርጥብ በጋ ስለሆነ ጭስ መውጫው ከመካከል ወጥቶ በቤቱ ሁለት ጫፎች ላይ ይቆማል፤ በመካከል የሚያልፈው መተላለፊያ ከፊትና ከኋላ በሮቹ ሲከፈቱ ነፋስ ስለሚያስተላልፍ በበጋ መቀመጫ ይሆን ነበር። ወጥ ቤቱ ደግሞ ለብቻው በግቢው ውስጥ ይሠራል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት ሙቀትና የእሳት አደጋ ነው፤ በባርነት የተያዙትን አብሳዮች ከባለቤቶቹ ኑሮ መለየትም ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር የታሪክ አጥኚዎች ይስማማሉ። እንግዲህ «የኮሎኒያል ቤት ንድፍ» ተብሎ በአንድነት የሚጠራ ነገር የለም፤ ለማሳቹሴትሷ ቦስተን አካባቢ የተበጀው አሠራር ለቨርጂኒያዋ ሪችመንድ የማይስማማበት በቂ ምክንያት አለው።

መልኩ ሲቀዳ ስሌቱ የት ቀረ?

ከ1926 ጀምሮ በጆን ዲ. ሮክፌለር ልጅ ገንዘብ የተካሄደው፣ የቀድሞዋ የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ የዊልያምስበርግ እድሳት የ18ኛውን ክፍለ ዘመን መልክ በመላው አገሪቱ አስወደደ። በቦስተን ሮያል ባሪ ዊልስ የተባለው የሕንፃ ነዳፊ ኬፕ ኮድን ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ በሚሆን መጠን እየነደፈ አሰራጨው። በ1947 በኒው ዮርክ የተጀመረው፣ ሌቪታውን የተባለው ሰፊ የመኖሪያ ሰፈር ደግሞ ይህንኑ ቤት እንደ ፋብሪካ ምርት አወጣው፤ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች 750 ስኩዌር ፊት (70 ካሬ ሜትር ያህል) ስፋት፣ ሁለት መኝታ ክፍልና ያልተጠናቀቀ ቆጥ ነበራቸው። ሌቪታውን ብዙ ይወቀሳል፤ በዚህ ረገድ ግን ፍትሐዊ መሆን ይገባል፤ ባለቤቱ ሲመቸው ቆጡን ክፍል እንዲያደርገው መተዉ ከጥንቱ ስሌት ዋናውን ነገር የጠበቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ስሙን ይዞ ከስሌቱ ራቀ። የዛሬው አዲስ የአሜሪካ ቤት በአማካይ ከ2,000 ስኩዌር ፊት በላይ ነው። በመንገድ ዳር ያለው ፊቱ እኩል መስኮቶች፣ ትንሽ ዓምዶችና ከግድግዳው ጋር በብሎን የተያዙ፣ ቢዘጉ እንኳ መስኮቱን የማይሸፍኑ ጌጠኛ መከለያዎች አሉት። በጎኑ ከፊቱ እኩል ጎልቶ የሚታይ የሁለት መኪና ጋራዥ ይለጠፋል። ቤቱ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚዞር የሚወስነው ፀሐይ ወይም ነፋስ መሆኑ ቀርቶ የመንገዱ አቀያየስ ሆኗል። ገዥዎች ይህን የሚመርጡበት ምክንያት አለ፤ ቅርጹ የታወቀ ነው፣ ሲሸጥም ፈላጊ ያገኛል፣ ሣጥን መሰል ስለሆነም ግንባታው ቀላል ነው። ይህ ውበትን ለመንቀፍ የቀረበ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው ለዚህ ቤት ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው የጥንቱን ጥበብ እየገዛሁ ነው ብሎ ከሆነ፣ የተሸጠለት ሌላ ነገር ነው።

ቀዝቃዛውን ቤት ማሞቅ

እውነተኛውን የጥንት ቤት ለሚያድስ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ሙቀት ነው፤ ከባዱ ስህተት የሚፈጸመውም እዚሁ ላይ ነው። ክፍት ምድጃ ሙቀት የሚሰጥ ቢመስልም ከሚያመነጨው ሙቀት አብዛኛው በጭስ መውጫው ይወጣል፤ እሳቱ የክፍሉን ሞቃት አየር እየሳበ ሲያወጣ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር በየስንጥቁ ይገባል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ የብረት ምድጃ የሠራው፣ በማሳቹሴትስ የተወለደው ካውንት ራምፎርድ ደግሞ በ1790ዎቹ ሰፊና ጥልቅ የነበረውን ምድጃ ጥልቀት ቀንሶ፣ ጎኖቹንም አዝምሞ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የመለሰው ችግሩ ያኔም የታወቀ ስለነበረ ነው።

ታዲያ ዘመናዊው መልስ ግድግዳውን በሙቀት መከላከያ፣ በተለምዶ ኢንሱሌሽን በሚባለው ነገር መሙላት ይመስላል። እዚህ ላይ ሁለት አመለካከቶች ይጋጫሉ። የኃይል ቁጠባ ባለሙያዎች፣ ቤቱ ካልታሸገና ካልተሞላ የነዳጅ ወጪውና የአየር ብክለቱ ተቀባይነት የለውም ይላሉ። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ደግሞ እነዚያ ግድግዳዎች ለሦስት መቶ ዓመት የቆዩት አየር በውስጣቸው እያለፈ ስላደረቃቸው መሆኑን ያስታውሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዝናብ በሳንቃው ስንጥቅ ይገባል፤ ከመታጠቢያ ቤትና ከወጥ ቤት የሚነሣው እንፋሎትም ከውስጥ ወደ ግድግዳው ይዘልቃል። ግድግዳው ባዶ ሳለ ይህ እርጥበት በነፋስና ከምድጃው በሚባክነው ሙቀት ይደርቅ ነበር። ክፍተቱ ሲሞላ ሙቀቱ ከውስጥ ይቀራል፤ የውጪው ሳንቃ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም እዚያ ሲደርስ ወደ ውኃነት ይለወጣል። ውጤቱ ከዓመታት በኋላ የሚታይ የቋሚዎችና የታችኛው አግዳሚ መበስበስ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ጣሪያው፣ የዝናብ ውኃ ማውረጃውና በመሠረቱ ዙሪያ ያለው የመሬት ተዳፋት ይስተካከላል፤ ቀጥሎ ቆጡ በሙቀት መከላከያ ይሸፈናል፣ ምክንያቱም ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ትልቁ ጥቅም በትንሹ አደጋ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ከዚያ ምድር ቤቱና ስንጥቆቹ ይታሸጋሉ። ግድግዳው የመጨረሻው ነው፤ አንዳንዴም ሳይነካ መተው ይሻለዋል። ቤቱ በታሸገ መጠን ንጹሕ አየር በመሣሪያ መግባት ስለሚኖርበት የሚወጣውን አየር ሙቀት ለሚገባው የሚያስተላልፍ የሙቀት መላሽ አየር ማስገቢያ ያስፈልጋል። በታሸገ ቤት ውስጥ ብርቱ የወጥ ቤት ጭስ ሳቢ ማራገቢያ የምድጃውን ጭስ ወደ ክፍሉ መልሶ ሊጎትት ይችላል፤ በብዙ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ደንብ በደቂቃ ከ400 ኩቢክ ፊት በላይ አየር የሚያወጣ ማራገቢያ የምትክ አየር መግቢያ እንዲኖረው በተወሰነ ሁኔታ የሚያስገድደው ለዚህ ነው።

ለማሞቂያ፣ በየክፍሉ የሚሰቀለው ቱቦ አልባ ሂት ፓምፕ (ከውጭ አየር ሙቀት ወስዶ ወደ ቤት የሚያስገባ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ለእነዚህ ቤቶች በተለይ ይስማማል። ወፍራሞቹን አግዳሚዎች በመቁረጥ ሰፊ የአየር ቱቦ ማሳለፍ የቤቱን አጥንት ማዳከም ስለሚሆን፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚያልፍ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ብቻ መፈለጉ ትልቅ ጥቅም ነው። አገልግሎት ያቆመ የጭስ መውጫ ክፍልም ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሽቦ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። ጭስ መውጫው ራሱ ሲጠገን ግን በዘመናዊ ሲሚንቶ መሆን የለበትም፤ የጥንቱ ጡብ ለስላሳ፣ ማያያዣውም ኖራ ስለሆነ፣ ጠንካራው ሲሚንቶ እርጥበቱን በጡቡ ውስጥ አስሮ በክረምት ቅዝቃዜ ፊቱ እንዲላጥ ያደርገዋል።

ደረጃው፣ ኮርኒሱና ደንቡ

ዛሬ ለአዲስ ሥራ የሚጠየቀው የመኖሪያ ክፍል ከፍታ ቢያንስ 7 ፊት (2.13 ሜትር) ነው፤ የደረጃ እርከን ከፍታ ከ19.7 ሴንቲ ሜትር ማለፍ፣ የእግር መርገጫው ደግሞ ከ25.4 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። በጭስ መውጫው ፊት የሚጠማዘዘው የጥንት ደረጃ ይህን አያሟላም፤ ብዙ ጊዜ ወደ መሰላል የቀረበ ነው። ነባሩ ደረጃ ባለበት እንዲቆይ በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ችግሩ የሚመጣው ቆጡ ወደ መኝታ ክፍል ሲለወጥ ነው። ያን ጊዜ በአደጋ ጊዜ ሰው የሚያወጣ፣ 0.53 ካሬ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያለው መስኮት ይጠየቃል፤ የጥንቱ ትናንሽ መስኮቶች ይህን አይሰጡም።

ብዙ ባለቤቶች በዚህ ጊዜ ግዙፉን ጭስ መውጫ አፍርሰው ቦታውን ለደረጃና ለመታጠቢያ ቤት ያውሉታል። የሚገኘው ቦታ ቀላል አይደለም፤ የአንዲት አነስተኛ ክፍል ስፋት ይሆናል። ነገር ግን የቤቱ ክፍሎች በሙሉ የተደራጁት በእርሱ ዙሪያ ስለሆነ፣ ከፈረሰ በኋላ የሚቀረው የጥንት ሳንቃ የለበሰ ሌላ ቤት ነው። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት አዲሱን ደረጃና መታጠቢያ ቤት ከኋላ በሚታከል ቅጥያ ውስጥ ማኖር፣ ውድ ቢሆንም፣ ይሻላል፤ ቤቱ ከመጀመሪያውም ያደገው በዚሁ መንገድ ነው። በወጥ ቤቱ አጠገብ ያለው የወላድ ክፍልም ደረጃ መውጣት ለማይችል አረጋዊ መኝታ ሆኖ ያለ ብዙ ለውጥ ያገለግላል።

ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ የእርሳስ ቀለም ሊኖር እንደሚችል መታሰብ አለበት፤ የፌዴራል ደንብ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ቀለም የሚያውኩ ተከፋይ ሠራተኞች የምስክር ወረቀት እንዲኖራቸው ያዛል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ ሊታለፍ የሚችል ሥርዓት አይደለም።

ፀሐይ ከፊት፣ መስታወት ከኋላ

ዘመናዊ ቤተሰብ ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን አገናኝቶ ወደ ጓሮ በሰፊ መስታወት መክፈት ይፈልጋል። በሶልትቦክስ ግን ጓሮው ብዙ ጊዜ ሰሜን ነው፤ ሰፊው መስታወት የሚገጠመው የጥንቱ ሠሪ ሆን ብሎ በደፈነው ጎን ላይ ይሆናል። የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳ ደግሞ ተቃራኒ ችግር ያመጣል፤ ሰሌዳው የሚፈልገው የደቡብ ክንፍ ከመንገድ የሚታየው የፊት ጣሪያ ነው፣ የጥንት ቤቶች በሚጠበቁባቸው ሰፈሮች ለውጥን የሚፈቅዱት የታሪካዊ ቀጠና ኮሚሽኖች ደግሞ ሰሌዳው ከመንገድ በማይታይ በኩል እንዲሆን ይመርጣሉ። ለዚህ ግጭት አጠቃላይ መፍትሔ የለም፤ ሰሌዳውን በጋራዥ ወይም በአዲሱ ቅጥያ ላይ ማድረግ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ማስታረቂያ ነው።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚነገር አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። አንድ ቤት በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻውን በግል ገንዘቡ የሚያድስ ባለቤትን አይከለክልም። ክልከላው የሚመጣው ከአካባቢ አስተዳደር ነው፤ ቻርልስተን ደቡብ ካሮላይና በ1931፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ደግሞ በ1946 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥተዋል። በአንጻሩ 20 በመቶ የሚሆነው የፌዴራል የግብር ቅናሽ ገቢ ለሚያስገኙ ታሪካዊ ሕንፃዎች እንጂ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት አይሰጥም። ብዙ ገዥዎች ክልከላውንም ድጋፉንም ከትክክለኛው ቦታ ውጭ ይጠብቋቸዋል።

ይህ መልክ ለማን ነበር?

ለአንዳንዶች ይህን ስልት ማወደስ ያለፈውን በደል መሸፈን ነው። መከራከሪያቸው መሠረት አለው፤ በሜድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ በሮያል ቤተሰብ ቤት ግቢ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆመው የባሪያዎች መኖሪያ፣ ባርነት የደቡብ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። የሌቪታውን የመጀመሪያ ውሎችም ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይኖርበት የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያሉ ውሎች በፍርድ ቤት እንዳይፈጸሙ ቢወስንም፣ በቤት ሽያጭ ላይ የሚደረግ አድልዎ በፌዴራል ሕግ በስፋት የተከለከለው በ1968 ነው። ሌሎች የጣሪያ ተዳፋት የፖለቲካ አቋም የለውም ይላሉ። ሁለቱን ለይቶ መያዝ ይቻላል፤ የቤቱን የሙቀት ስሌት መጠቀም ዘመኑን ማወደስን አያስከትልም፤ በእነዚያ ቤቶች ማን እንደሠራና ማን እንዳልተፈቀደለት አብሮ መናገር ግን የታሪኩ አካል ነው።

ትንሹ ቤትና የቀጠና ሕግ

ወደፊት የሚሆነውን በአመዛኙ የሚወስነው የሕንፃ ነዳፊዎች ምርጫ ላይሆን ይችላል። የኃይል ደንቦች እየጠበቁ ሲሄዱ የውጪ ግድግዳው ከወለሉ አንጻር ያነሰ፣ ሣጥን መሰል ቤት ለማሞቅ ርካሽ ስለሆነ፣ ወደ ጥንቱ ጥቅጥቅ ያለ ቅርጽ የሚገፋ ኃይል አለ። በተቃራኒው ብዙ ከተሞች አንድ ቤት የሚሠራበትን መሬት ዝቅተኛ ስፋት በሕግ ወስነዋል። መሬቱ ውድ ሲሆን በላዩ 70 ካሬ ሜትር ቤት ማሠራት ለአልሚው አያዋጣም፤ ስለዚህ በግማሽ ተጀምሮ የሚያድገው ቤት ከገበያ የወጣው ሰው ስለጠላው ብቻ አይደለም።

ማሳቹሴትስ በ2024 ባወጣችው የቤቶች ሕግ፣ የአንድ ቤተሰብ ቤት በሚፈቀድባቸው ቀጠናዎች ከ900 ስኩዌር ፊት ወይም ከዋናው ቤት ግማሽ ስፋት፣ ከሁለቱ ካነሰው ያልበለጠ ተጨማሪ መኖሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠራ ፈቅዳለች፤ ሕጉ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በታሪካዊ ቀጠናዎች ውስጥ የሚነሣው ቀጣይ ክርክር፣ እንዲህ ያለው መኖሪያ በአሮጌው ኬፕ ኮድ ጀርባ ሲታከል የአካባቢው ኮሚሽን ስለ ሳንቃው ዓይነትና ስለ ጣሪያው ከፍታ ምን ያህል ማዘዝ ይችላል የሚለው ይሆናል።